የታችኛው ዞዓር ዜማ

ኦሪን ፔቲቦን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መቶ አርባ መዝሙር ደርሷል፤ ከነዚህ አንዱም እሑድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ተዘምሮ አያውቅም። በረዶ በወደቀ ቁጥር በቨርሞንት ኮረብታዎች ከመንደር መንደር እየዞረ የመዝሙር ትምህርት ቤት ይከፍታል። ወጣቶቹ ይጎርፋሉ፤ የሚጎርፉት ለኖታ ፍቅር እንዳልሆነ እሱም አይጠፋውም። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዞ መዘመር ትከሻ ለትከሻ መነካካት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ካፈራቸው ዘማሪዎች ያጋባቸው ይበልጣሉ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ነገር ቆርጦ ተነሣ። ከመሞቱ በፊት ምእመኑ ሁሉ ቆሞ አንድ ዜማውን በእግዚአብሔር ቤት ሲዘምረው መስማት አለበት። ለዚህ የመረጠው የዌስት ሀርላንን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ መሄጣብኤል የምትባል መበለት አለች፤ የእሷ ድምፅ ጣራ ቢነቅል የማይገርም ነበር። እንቅፋቱ ዲያቆን አሣሄል ክሬን ነው።

ዲያቆኑ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ቤት የሚዘመረውን የሚመርጡትም፣ ኦርጋን ስለሌለ፣ መነሻ ድምፁን የሚሰጡትም እሳቸው ናቸው። ትንሽ መጽሐፍ የምትመስል የእንጨት ፊሽካ ከካፖርታቸው ያወጣሉ፤ ተንሸራታች ምላሷን ስበው የድምፁን ከፍታ በሚያመለክተው፣ በኖታው ራስጌ በተጻፈው ፊደል ላይ ያቆማሉ፤ ይነፋሉ፤ ሕዝቡም ከዚያ ይነሣል። ችግሩ በፊሽካዋ ምላስ ላይ የተቀረጹት ፊደሎች ጉንዳን ማከላቸው ነው፤ ዲያቆኑ ደግሞ በአምላክ ፊት መነጽር ማድረግ “ዓይኔን አበላሽተህ ፈጥረሃል” ብሎ መክሰስ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሳያዛንፉ፣ ሦስት ፊደል ከፍ አድርገው ሲነፉ ኖረዋል። የዌስት ሀርላን ሴቶችም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጅራቷ በር ውስጥ እንደተያዘ ድመት ሲዘምሩ ኖረዋል። ዲያቆኑን ከማረም ጉሮሮን መሰንጠቅ ይቀላል።

ፔቲቦን ይህን ሁሉ አጥንቶ ሁለት ዘዴ ቀየሰ። አንደኛው ጉቦ ነበር። የዜማ ደራሲዎች ለዜማቸው የቦታ ስም ነው የሚሰጡት። ዲያቆኑ የተወለዱት ታችኛው ዞዓር በምትባል፣ አሥራ አንድ ቤትና አንድ ረግረግ ባላት መንደር መሆኑን ከአንጥረኛው ከያቤጽ ሰማ። እንግዲያውስ ከዜማዎቹ ሁሉ ደስተኛውን፣ የትንሣኤውን መርጦ “ታችኛው ዞዓር” ብሎ በትልልቁ ጻፈበት።

ዲያቆኑ ወረቀቱን በክንዳቸው ርዝመት አርቀው ያዙት። 

“ስለ ዞዓር ማን ነገረዎት?”

“ዝናዋ ነዋ።”

“ዞዓር ዝና የላትም። ያላት ትንኝ ነው” አሉና ዞር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። በሚመጣው እሑድ እንዲዘመር ፈቀዱ።

ሁለተኛው ዘዴ የባሰ ነበር። በኖታው ራስጌ ላይ ትክክለኛውን ፊደል ሳይሆን ሦስት ፊደል ዝቅ ያለውን ጻፈ። ዲያቆኑ እንደ ልማዳቸው ሦስት ከፍ ሲያደርጉ ዜማው የሚገባው ቦታ ላይ ያርፋል። ይህንን ለመሄጣብኤል ብቻ ሹክ አላት። ሹራብ መሥሪያዋ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች።

“መምህር፣ በቤተ ክርስቲያን ብዙ ዓይነት ሌባ አይቻለሁ። ሦስት ፊደል የሚሰርቅ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።”

ሳምንቱን ሙሉ ዘማሪዎቹን ራሱ በትክክለኛው ድምፅ አለማመዳቸው። ዜማው እንደ ወፍ ይበር ነበር።

እሑድ ደረሰ። ዲያቆን አሣሄል ተነሥተው የዜማውን ስም፣ ኢየሩሳሌም የሚሉ ያህል፣ “ታችኛው ዞዓር” ብለው አወጁ። ከዚያ እጃቸውን ኪስ ከተው የሚስታቸውን መነጽር አወጡ።

ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። በኋላ እንደተሰማው፣ ለትውልድ መንደራቸው ክብር ሲሉ ሳምንቱን ሙሉ በላም በረት ውስጥ መነጽር አድርገው ፊሽካ ሲለማመዱ ሰንብተዋል። ላሞቹ ወተት ቀንሰው ነበር። ሽማግሌው መነጽሩን አጠለቁ፤ ምላሷን ስበው የተጻፈው ፊደል ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ አቆሟት። ነፉ። ድምፁ ከወለሉ ሥር የመጣ ይመስል ነበር።

ፔቲቦን ከዘማሪዎቹ ጋር ሰገነቱ ላይ ነበር። ሌላ መነሻ መስጠት ዲያቆኑን በሕዝብ ፊት መስደብ ነው፤ እውነቱን መናገር ደግሞ ራስን መስደብ። መሄጣብኤል አፏን ከፈተች፤ እዚያ ታች ድረስ የሚወርድ ድምፅ አጥታ ዘጋችው። ሌሎቹ ሴቶችም አንድ በአንድ መዘመሩን ተዉ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወንዶቹም አለቁና ያቤጽ ብቻ፣ ጉድጓድ እንደገባ በሬ፣ ከሥር ቀረ። የመቃብሩን ባዶነት የሚያበሥረው መዝሙር መቃብር የሚሞላ ይመስል ነበር። ስድስት አንቀጽ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ አንቀጽ አይዘለልም።

ሲያበቃ ፔቲቦን በፈረሶቹ መጠለያ በኩል ሊሾልክ ወረደ። ዲያቆኑ ግን ክንዱን ያዙት። ዓይናቸው ከመነጽሩ ኋላ እንባ አቅርሯል።

“በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ግርማ ሰምቼ አላውቅም። ስሞት ይህን ይዘምሩልኝ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልክ እንደጻፉት ነው አይደል የሰጠሁት?”

ፔቲቦን ፊታቸውን አየ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ እውነት ለመናገር የቀረው ዕድል ይህ ነበር።

“ልክ እንደጻፍኩት ነው፣ ዲያቆን።”

በጧቱና በከሰዓቱ ስብከት መካከል ቀዝቃዛ ባቄላ ሲበላ፣ ስድስት አሮጊቶችና የመንደሩ ሬሳ ሣጥን ሠሪ ዜማውን ለቀብራቸው ጠየቁት። መሄጣብኤል የፖም ፓይ ቆርሳ አቀበለችው።

“እንኳን ደስ ያለዎት፣ መምህር። ሰው መሞቱን እስካልተወ ድረስ ዜማዎ አይሞትም።”

ፔቲቦን ፓዩን ጎረሰ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ከዜማው ስም ሥር “በደስታ” የምትለዋን የአዘማመር ምልክት በእርሳስ ሰረዘና “በዝግታ” ብሎ ጻፈባት። ራስጌው ላይ ያለውን ፊደል ግን አልነካውም።