ሙራድን ወረቤ ያደረሰው

«እኔማ አቁሜዋለሁ» አለች ማሂራ፣ ለቀስተኞቹ እንዳይሰሟት ወደ ራዲያ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን። ጋሽ ሙራድ ካረፉ ጀምሮ አልዋጥኩም።»

ራዲያ ዙሪያዋን ቃኘች። ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተደርድረው የወንድሟን ደግነት እያነሱ በለሆሳስ ያወራሉ። ሙራድ ቫይረሱ በደሙ እንደነበር ከእነሱ መሀል የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁት እሷና ክትትል በሚያደርግበት ጤና ጣቢያ የተዋወቃት ይህች ልጅ ብቻ ናቸው። ማሂራን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ገፋ አደረገችው።

«በይ ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርዎት እትዬ? እሳቸው እንደሆኑ ሲጋራ ተዉ፣ ጫት ተዉ፣ ሐኪም ብሉ ያላቸውን በሉ። መጨረሻው ምን ሆነ? ልባቸው ቀጥ አለች። እኔስ ለምኑ ብዬ ነው የምለፋው?»

ራዲያ ወንድሟ ያሳለፈውን አስታወሰች።

ሙራድ ጭድ ተራ ሱቅ ከፍቶ ፍራሽ ያከፋፍል ነበር። መድኃኒቱን አንድም ቀን አያጓድልም፤ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶለት ነበር። ሆዱ ግን አላስቀምጠው አለ። ከመጸዳጃ ቤት መራቅ ፈርቶ፣ ወረቤ ያለችውን እናታቸውን ሳያይ ዓመታት አለፉ። አውቶቡስ ላይ ሰዓታት መቀመጥ ለእሱ ጭንቅ ነበር። ሐኪሙ ዘንድ እየጎተተች የወሰደችው ራዲያ ናት።

«ቫይረሱ ተኝቷል ተብዬ የለ እንዴ? ታዲያ ምን ቀረ?» አለ ሙራድ።

ሐኪሙ አስመርምረውት ሌላ በሽታ አለመኖሩን አረጋግጠዋል። «ቢተኛም ሰውነትዎ ዘብ መቆሙን አልተወም» አሉት። «ያ ነው ውስጥ ለውስጥ የሚያቆስልዎት፤ ብግነት እንለዋለን። ቫይረሱ ገና ከጅምሩ አንጀትዎን ጎድቶታል፤ ከዚያ የሚሾልከው ነገር ደግሞ ያባብሰዋል። ልብም ደም ሥርም ይጎዳል። ሲጋራው እሳት ላይ ቤንዚን ነው። መድኃኒቱን እንደያዙ ሲጋራውን ይተዉ፤ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ እርጎ ያዘውትሩ፤ በእግርዎም ይሂዱ።»

ራዲያ በጥቂት በጥቂቱ አስጀመረችው። ባቄላ የበላ ሰሞን «ሆዴን ኮምፕሬሰር አደረግሽው እኮ!» እያለ ይጮህባት ነበር። ሲጋራውንማ ስንቴ ትቶ ስንቴ ተመለሰበት! በኋላ ግን ቆረጠ። ሆዱም ቀስ በቀስ ረጋ።

«አንድ ጠዋት ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?» አለቻት ማሂራን። «አውቶቡስ ተራ ሄዶ ወረቤ ተሳፈረ። መንገድ ላይ አስቁሙልኝ ሳይል፣ ሳይሳቀቅ ደረሰ። እናታችን በሕይወት ነበረች። ፊቱን በእጇ እየዳሰሰች ‹ሙራዴ፣ ወፈርክልኝ› አለችው። በዚያው ዓመት ሞተች። ልቡን ሲጋራው ቀድሞ ጎድቶት ነበር። ሐኪሙም አትሞትም አላሉትም። ያገኛቸውን ዓመታት ግን ኖራቸው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። እሱን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን አልቀብርም።»

ማሂራ አለቀሰች። «እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ።»

«አሁን ነው የምንሄደው። ማቋረጥሽን ትነግሪያቸዋለሽ፤ እንዴት እንደምትጀምሪ እነሱ ይነግሩሻል።»

«ለቀስተኛውስ?»

«ይጠብቃል።»

ራዲያ ሻርፗን አስተካክላ ማሂራን አስከትላ በሴቶቹ መሀል አልፋ ወጣች፤ ወዴት ነው ላሏትም «መጣሁ» ብቻ አለች። መንገዱ በተጫነ ጋሪና በአይሱዙ ተጨናንቋል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷና ሙራድ አብረው ሲሄዱ በመኪናው በኩል የሚሆነው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ማሂራን ክንዷን ይዛ ወደ ሱቆቹ በኩል አዛወረቻት፤ እሷ ወንድሟ ይሄድ በነበረበት በኩል ሆነች።