መስኮት ላይ የደረቀው ደም

ሃያ ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ደም የቀባሁበትን የመስታወት ስላይድ የማደርቀው የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው። «ማድረቂያ ማሽን አለልሽ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። አለ፤ ግን እሱ እስኪሞቅ ሰው ያረጃል። የኔ ፀሐይ በሦስት ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

ታዲያ ባለፈው ዓርብ ወንድሜ ሴት ልጁን እየጎተተ መጣ። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይብሳል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚጢጢ እንላታለን። ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየች «እጄን አቃጠለኝ፣ ፊቴን አቃጠለኝ» እያለች ታለቅሳለች። ቆዳዋን ብታዩት ግን ቢበዛ ቀላ ብሎ ያብጣል እንጂ ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም።

«ስፖርት ጠልታ ነው» አለኝ ወንድሜ። «ሐኪሙ የደም ምርመራ አዟል። ምንም ካልተገኘ ከሰኞ ጀምሮ እንደ እኩዮቿ ሜዳ ትወጣለች። ለአስተማሪዋ ቃል ገብቻለሁ።»

ሚጢጢ ቀና ብላ አየችኝ። አንጀቴን በላችው።

የሐኪሙ ማዘዣ ወረቀት «ፖርፊሪያ» ይላል። በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም፤ ለወንድሜ ግን እንደ ሊቅ አስረዳሁት።

«ኮት ሰፍተህ ስትጨርስ ቁልፍ የሚተክለው ሠራተኛህ ቢለግምስ?»

«ኮቱ ይከመርብኛላ!»

«በቃ እሱ ነው። ደም ውስጥ ፖርፊሪን የሚባል ነገር አለ፤ መሃሉ ላይ ብረት ይገባበታል። ብረቱን የሚያስገባው ኢንዛይም ከለገመ ፖርፊሪኑ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይጠራቀማል። ብርሃን ሲያገኘው ያቃጥላል። በልዩ መብራት ስናየው ደግሞ ሴሉ ቀይ ያበራል።»

ደሟን ቀዳሁ፣ ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ እንደ ልማዴ መስኮት ላይ አሰጣሁ። ከዚያ ልዩ መብራት ያለው ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁት። ጨለማ። አንድ ሴል እንኳን አላበራም።

«አላልኩሽም!» ብሎ ወንድሜ ኮቱን አነሳ።

ሚጢጢ ከበሩ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተለጥፋ መስኮቱን ታያለች።

«አክስቴ፣ ደሜን ለምን ፀሐይ ላይ አሰጣሽው? እሱንም እኮ ያቃጥለዋል።»

ፖርፊሪን ብርሃን ሲያገኘው ሰው ያቃጥላል፤ ራሱም ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ አያበራም። ይህን ሁሉ አሁን ስተነትን የነበርኩት እኔ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁትም እኔ! ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

«ቁጭ በል!» ብዬ ወንድሜ ላይ ጮህኩ፤ በራሴ ተናድጄ እሱ ላይ ተወጣሁት። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ። እንደገና ደም ቀድቼ ብልቃጧን በፎይል ጠቀለልኩ፤ ስላይዱን መሳቢያ ውስጥ አደረቅሁ። አዲዮስ መስኮት!

አየሁ። ቀይ! እዚህም እዚያም ፍም የመሰሉ ሴሎች። እልል ልል ነበር፤ ለበሽታ እልልታ ምን ይባላል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ወረቀቱ ላይ የሚሞላ ነገር ቀርቶ ነበር። «ስማ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ኢንዛይሙን ያሰንፈዋል። ኪኒን ወስዳ ታውቃለች?»

«ኧረ አንድም ቀን! ደግሞ ይሄ ልቅሶዋ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ነው እኮ...»

ስድስት ዓመት። በጣቱ ሲቆጥር አየሁት።

«እንግዲያው ሳትወርሰው አትቀርም፤ ከአንተም ከእናቷም» አልኩት ቀስ ብዬ። «ና እይ። ቶሎ በል፣ የማይክሮስኮፑ መብራት ራሱ ያደበዝዘዋል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። እኔ በልቤ ቆጠርኩ፤ ቅላቱ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይቆይም። አንድ ደቂቃ አለፈ። እሱ ግን ዓይኑን አላነሳም።

«ጠፍቷል እኮ፤ ምኑን ነው የምታየው?» አልኩት።

ከማይክሮስኮፑ ሳይነሳ ጉንጩን በእጅጌው ጠረገ።

ሚጢጢ ኮቱን ጎተተችው። «አባዬ፣ በቃህ፤ አሁን የኔ ተራ ነው።»