እትዬ መርፌ በር ላይ የቀሩበት ጠዋት

«እጄ ላይ ነው ያረፈችው» አለ ወንድሟ፣ መዳፎቹን ለእንግዶቹ ዘርግቶ እያሳየ። «በእነዚህ እጆቼ ላይ። የመጨረሻ ቃሏም ‘ልጄ፣ ሱቄን አደራ’ የሚል ነበር።»

እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እህቱ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ አለች። እናታቸው ያረፈች ዕለት እሱ ደሴቲቱ ላይ እንኳ አልነበረም፤ ማዶ ተሻግሮ ሱቁን ሊገዛ ከሚፈልገው ነጋዴ ጋር ምሳ ይበላ ነበር። እናቷን አቅፋ የያዘቻት እሷ ናት። የመጨረሻ ቃል የሚባል ነገርም አልነበረም። ውሃ ነው የጠየቀችው።

ትሪውን እንደያዘች ወደ ማድቤት ተመለሰች። አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት። ዋጥ አድርጊው እንጂ፣ ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«እኔ መች ጸለይኩ፣ አክስቴ?»

አክስቷን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደንግጣ በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች።

እናቷን የደሴቲቱ ሰው በሙሉ «እትዬ መርፌ» ነበር የሚላት። አንድም ንግዷን የጀመረችው ወደቡ ላይ ሻንጣ ከፍታ መርፌና ክር በመሸጥ ስለነበር፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ። ባሏን ባሕር ሲወስደው ሴቷ ልጅ የስድስት ዓመት ነበረች፤ ወንዱ ጡት አልጣለም። ሻንጣው ጠረጴዛ ሆነ፣ ጠረጴዛው ክፍል ሆነ፣ ክፍሉ ላይ ፎቅ፣ ፎቁ ላይ ሌላ ፎቅ ተጨመረ። ታች ጨርቃ ጨርቅ፣ መሃል ጫማና የቤት ዕቃ፣ ላይ አልጋና ቁም ሳጥን። ሊፍት የገባ ሰሞን ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ሊሳፈርበት መጣ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶ ሲወርድ «ማዕበል እንኳ ሆዴን እንዲህ አላናወጠውም!» ብሎ ቢፎክር፣ እትዬ መርፌ «እሱስ ይሁን፣ ሚስትህን ግን ላይ ረስተሃት ወርደሃል» አለችው።

ሴት ልጇን ባንኮኒው አጠገብ አቁማ ጨርቅ መቁረጥ አስተማረቻት። «ሁልጊዜ አንድ ጣት ጨምሪ» ትላት ነበር። «የሰው ቀሚስ የሚያጥረው ሻጭ ሲሰስት ነው።» ወንዱን ግን ማዶ ልካ አስተማረችው። ተምሮ ሲመለስም ሱቁን እንዳለ አስረከበችው፤ ሴቷ በእሱ ሥር ተቀጥራ ጨርቅ ስትቆርጥ ቀረች።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ወንድሟ ማድቤት ገባ። «ነገ ነጋዴው ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል። ሠራተኞቹም እንዲመጡ ነግሬያለሁ። ሰውየው ‘እትዬ መርፌ’ የሚለው ስም ከበሩ ላይ እንዳይነሳ ነው የሚፈልገው፤ ሰው የሚወደው ስሟን ነው። አጠገቤ ተቀመጪ። ቤተሰቡ አንድ ነው ይበል።»

«እቀመጣለሁ» አለችው።

አክስቷ ቀና ብላ አየቻት። መልሱ በጣም ቶሎ መጣባት።

እሱ እንደወጣ ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ወደ ሱቁ ወረደች። ዘበኛው ከበሩ ጎን ተቀምጧል፤ እናቷ በጎረምሳነቱ የቀጠረችው፣ አሁን ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ነገ ሰው ፊት አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ» አላት ሽማግሌው፣ «የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጂ።»

በማግስቱ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ነጋዴው ከወንድሟ በስተቀኝ፣ እሷ በስተግራ ተቀመጡ። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦

«እናቴ ታማ እንኳ እስከ መጨረሻው ልቧ ከሱቋ አልተለየም...»

ብድግ አለች። «አባባ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ዝናብ በጣለበት ሰኞ ጠዋት፣ በር ላይ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አለ ዘበኛው ከወደ ኋላ።

«እህቴ፣ ይሄ ቦታው አይደለም» አለ ወንድሟ።

«ቦታው ነው። እማዬ መጣች?»

«መጡ። እንደወትሮው መቀሳቸውን ይዘው።» ሽማግሌው ቆመ። «እኔ ግን ከልጃቸው ትእዛዝ ነበረኝ። ‘አርጅታለች፣ ደንበኛ ፊት ታሳፍረኛለች፣ እንዳታስገባት’ ብሎኛል። ‘አይገቡም’ ማለቱ አቃተኝ፤ በሩን ዘግቼ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ለኔ ደነገጡ! ‘ምን ሆንክ፣ ቤት ሰላም አይደለም?’ አሉኝ። ነገርኳቸው። ‘አይዞህ፣ አንተ ታዘህ ነው’ ብለውኝ እዝናቡ ውስጥ ተመለሱ።»

ከዚያ ጠዋት በኋላ እትዬ መርፌ ከቤት አልወጣችም። ሱቁ በሚታይበት መስኮት ተቀምጣ ነበር ሦስት ዓመቷን የጨረሰችው። ጎረቤት ሁሉ ታማ ይመስለው ነበር።

ሽማግሌው በሰው መሃል አልፎ የሱቁን ቁልፎች የወንድሟ ጭን ላይ አስቀመጠ። «ጌታው፣ ነገ የሚከፍትልዎት ሰው ይፈልጉ።» የጨርቅ ክፍል ሴቶች ተከትለውት ተነሱ፤ ከዚያ ጫማ ሻጮቹ፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ማንም ወንድሟን «ያጽናህ» አላለውም። ነጋዴው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኛ የምንገዛው ስሙን ነበር» አለው ቀስ ብሎ። «ስሙን ደግሞ አሁን ይዘውት ወጡ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ዓመት በሆዷ ያሳደረችው ነገር ይኸው ወጣ፤ ወንድሟ በባዶ ወንበሮች መሃል አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ ታቅፏል። ዕድሜ ልኳን ቆማ ብታየው አትጠግብም ነበር።

ከዚያ ቀና አለ። አልጮኸም።

«ያን ጠዋት አንቺም ነበርሽ። መስታወቱ ጋ፣ ጣቃ ታቅፈሽ ቆመሽ። ከደረጃው ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ። ልትወጪ ትችይ ነበር።»

አክስቷ ከማድቤት በር ላይ አየቻት። መዋሸት ይቻል ነበር። ያን ጠዋት እናቷ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ተመልክታለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጥመዋል። እሷም ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ ጨርቁ ላይ አቀረቀረች። እናቷ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ማታ ማታ ስትገባ «ዛሬ ምን ተሸጠ?» ትላት ነበር፣ በቃ።

«አዎ፣ ነበርኩ» አለችው። «የኔን እኔ እሸከማለሁ። ያንተን ግን አላግዝህም።»

ወደ እናቷ መኝታ ክፍል ገባችና በሩን መለሰችው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልጋውን አልነካውም። ፍራሹ እናቷ በተኛችበት በኩል ጎድጉዷል። ዳር ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ» አላት ወንድሟ ከሳሎን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «እህቴ።»

እሷ ከግርጌ የተሰበሰበውን ብርድ ልብስ ሳበችና የእናቷ ትከሻ ይሆን የነበረበት ድረስ አለበሰችው፤ ከዚያ ብርድ እንዳይገባ ዳር ዳሩን በእጇ ጠቀጠቀችው።