ከእርጎ በስተግራ

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ፈርሶ እየተሠራ ነበር። ነባሮቹ ተጫዋቾች በአንድ ክረምት ተጠራርገው ሄዱና የቀረነው ልጆች ብቻ ሆንን። ኮች "አዲስ ቡድን እየገነባን ነው" ይሉናል፤ እኛ ደግሞ በየሳምንቱ ተሸንፈን እንገባለን። ግንባታው ያላለቀ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የሚታየው አቧራው ብቻ ነው።

ጋርዶቹ፣ ማለትም ኳሱን ከኋላ እያነጠርን አምጥተን ጨዋታውን የምንመራው፣ ሁለት ነበርን። እኔን ቃሪያ ይሉኛል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሌላዋ እርጎ ናት። እሷ አንድ ነገር ተናግራ እስክትጨርስ ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ እግሬ አያርፍም፣ ታላቅ እህቴ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኛለች። እህቴ ፀጉር ቤት አላት። ዘንድሮ ቡድኑ ካላቆየኝ እሷ ጋ ገብቼ የሰው ፀጉር እንዳጥብ ተስማምተናል። ተስማምተናል ስል እሷ ተናግራለች፣ እኔ አኩርፌአለሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ገንዳ አጠገብ ተገትሮ መዋል! ገና ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኛል።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኮች ፊሽካቸውን ነፍተው ሰበሰቡን።

"ከውድድሩ የአጋማሽ እረፍት በኋላ ልምድ ያላት ጋርድ ትመጣለች" አሉ እኔንና እርጎን እያዩ። "ከሁለታችሁ ቡድኑ ውስጥ የማስቀረው አንዷን ብቻ ነው። እወቁት።"

እርጎ ረጋ ብላ "እሺ ኮች" አለች። እኔ ደሜ ፈላ።

ከዚያ ወዲያ እሷን ማየት አስጠላኝ። ይባስ ብሎ የማቀብላትን ኳስ ትጥለዋለች። ትከሻዋን መትቶ ይወጣል፣ አንዳንዴም እጇን ሳትዘረጋ በአጠገቧ ያልፋል፤ ቁጣው ግን የሚወርደው በእኔ ላይ ነው።

"ቃሪያ! ምን ያስቸኩልሻል? አይተሽ አቀብይ!"

"እሷ ተኝታ ነው እንጂ ኮች!"

"አንቺማ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ።"

ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እኔ ቆሽቴ ያርራል። እርጎ አትስቅም፣ አትከራከርም፣ ይቅርታ አትልም። ያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ በግራዋ በኩል ተቀምጬ የውሃ ጠርሙሷን ዘረጋሁላት። ልታረቃት ብዬ አይደለም፣ ዕቃዋ እግሬ ሥር ስለነበር ነው። እንኳን ልትቀበለኝ ዞር ብላም አላየችኝ። ኩራቱ ደግሞ! ልፈነዳ ስል ፎጣዋን ለማንሳት የሰነዘረችው ክርን ጠርሙሱን መታው፣ ውሃው ጫማዬ ላይ ተደፋ። ከእኔ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ነበረች። ጠርሙሱ እዚያ መኖሩን ጭራሽ አላወቀችም።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ በግራ በኩል መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው፣ ሰው ሲጠራት አንገቷን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነቷን የምታዞረው፣ የምትጥላቸው ኳሶች ሁሉ ከአንድ ወገን የሚመጡት ለካ ለዚህ ነበር።

"በግራሽ አታዪም እንዴ?"

በሩ መዘጋቱን አየች። "ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አይድንም ተብያለሁ። ኮች ካወቁ አያሰልፉኝም" አለች። ቀጥላም፣ "በእናትሽ፣ ሆድ ይፍጀው።"

የእኔ ሆድ ምንም ነገር ፈጅቶ አያውቅም። ይህን ግን ያዘው። በአንድ ቃል ቦታው የእኔ ሊሆን ይችል ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ቆም እያልኩ ወደኋላዬ እዞር ነበር፤ ልመለስና ልንገራቸው፣ አልንገራቸው። እቤት ደርሼም ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ተመላለስኩ። እህቴ "ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ወለሉን ጥረጊልኝ" አለችኝ። ጠረግኩ።

በማግስቱ ሜዳ ላይ ከቀኟ ገባሁና ኳሱን በምታይበት በኩል ሰጠኋት። ያዘችው። ደገምኩ፣ ያዘችው። ወደ ግራዋ መላክ የግድ ሲሆን እንድትሰማ ወለሉን በእግሬ እመታለሁ፣ እሷ ዞር ስትል ኳሱ እጇ ላይ ነው። እሷ ደግሞ የእኔን ሩጫ በቃሏ ያዘችው። ገና ልነሳ ሳስብ ኳሱን የምደርስበት ቦታ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ማንንም ጠብቄ የማላውቀው ሰውዬ፣ ይቅርታ፣ ሴትዮ፣ እሷ እስክትዞር መጠበቅ ለመድኩ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል ስሰማ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

ማሸነፍም ጀመርን። ኮች ፊታቸው ተፈታ። እኔ ግን ደስታው አልረጋልኝ አለ፤ በደንብ በተጫወትን ቁጥር የመለያያችን ቀን እየቀረበ ነበር፣ እንቅልፍም ምግብም ጠላሁ። እርጎ ያን ሰሞን ምን እንዳሰበች ፊቷ ላይ አይነበብም።

ከእረፍቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ልምምድ ኮች ቢሮ ጠሩኝ። ቢሮ ይባል እንጂ የኳስ ማስቀመጫ ነው፤ የተነፈሱ ኳሶች፣ አንድ ፓምፕና አንዲት የምትነቃነቅ ወንበር።

"ሁልጊዜ ከእርጎ በስተቀኝ ነሽ። ለምንድነው ወደ ግራ የማትሄጂው?"

እዚያው የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ግራ እጄ ደካማ ነው ኮች። በዚያ በኩል ማቀበል አልችልም። እስካሁን የሸፈነችልኝ እርጎ ናት። እሷን ያስቀሯት።"

በእጃቸው የያዙትን ፓምፕ አስቀመጡ።

"ጠዋት እርጎ እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጣ 'በግራ ዓይኔ አላይም፣ ቃሪያን ያስቀሯት' ብላኛለች። አንዷ ዓይን የለኝም ትላለች፣ አንዷ እጅ የለኝም ትላለች። እዚህም ትቀባበላላችሁ? ወደ ቅርጫቱ የሚወረውር ሰው የለም?"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ።

"በማታይበት በኩል ክርን መጥቶ ደህናውን ዓይኗን ቢያጠፋባት ምን እመልሳለሁ? ቡድኑ ውስጥ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ሂጂ አሁን።"

እየሮጥኩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። እርጎ ጫማዋን ቦርሳ ውስጥ እየከተተች ነበር።

"ማን ንገሪያቸው አለሽ? እኔ አፌን ዘግቼ፣ ስንት ቀን ታንቄ! አብደሻል?" አግዳሚውን በእርግጫ መታሁት። ያመመው እኔን ነው።

ዚፑን ቀስ ብላ ዘጋች። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረች።

"መጀመሪያ የመጣሽ ሰሞን ስትሮጪ አይቼሻለሁ" አለች። "ሜዳው አይበቃሽም ነበር። አሁን ከቀኜ አትለዪም። እኔ ግማሹን ሜዳ አላየውም፤ አንቺ ግን እያየሽው ተውሽው።"

ግንባሬን ሳመችኝና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ በሩን እንኳ ሳታጮህ ነው የዘጋችው።

ከእረፍቱ በኋላ በነበረው ግጥሚያ አዲሷ ጋርድ ከጎኔ ተሰለፈች። ጎበዝ ናት፣ ከየትም ብሰጣት ትይዛለች፣ ክፉም አይደለችም። ጨዋታው እንደተጀመረ ኮች ከዳር ሆነው "ቃሪያ፣ ወደ ግራ!" ብለው ጮኹ። ሄድኩ። የሚይዘኝ አልነበረም፣ እስከ መስመሩ ጥግ ድረስ ክፍት ነበር። እያነጠርኩ ሮጬ አስገባሁ፣ ሰው ሁሉ ጮኸ። እርጎ የማታየው ያ ሁሉ ቦታ የእኔ ነበር። ጠላሁት።