የእምቦጩ ቅዳሜ

፩

መጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው።

ረድኤት ይህን ልብ ያለችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የክበቡን ያረጀ የርቀት መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ያለው ሐይቅ ዳር ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሰዓት ዳክዬዎቹ ደንገሉ ውስጥ ሲንጫጩ ከዶርም ድረስ ይሰማል። ፔሊካኖቹም ዕድር ላይ እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች ኩፍስ ብለው ዳር ዳሩን ይሰለፋሉ። አሁን ደንገሉ ጭጭ ብሏል። መነጽሩን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ከቀኝ ወደ ግራ መለሰችው።

ምንም።

፪

እዚህ ላይ ላቁምና ስለ ክበቡ ልንገራችሁ፤ ካልሆነ ኋላ የሚመጣው ነገር ሰው ያበደበት ይመስላችኋል።

የተፈጥሮ ወዳጆች ክበብን ያቋቋሙትም የሚመሩትም ተማሪዎች ናቸው። ከምንም ያነሳው ኢዮስያስ የሚባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ቢሮ ለምኖ ለምኖ ያገኘው የጀነሬተሩን ቤት ግማሽ ነው፤ ስብሰባ መሀል መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳና ሁሉም ሰው መጮህ ይጀምራል። ካቻምና ግቢ ውስጥ ዛፍ መቆረጡን ተቃውመው ፊርማ ቢያሰባስቡ፣ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ደምሰው ክበቡን ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር አገዱት። ያ ሴሚስተር ኢዮስያስ ውስጥ የሆነ ነገር ሰብሯል። ከዚያ ወዲህ አቶ ደምሰው ሲያስጠሩት ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚሄደው።

ረድኤት የእሱ ምክትል ናት። ሦስተኛ ዓመት፣ ባዮሎጂ። ወፍን በድምፁ መለየት ያስተማራት እሱ ነው። ትወደዋለች፤ በምን ዓይነት መውደድ እንደሆነ እሷም ለይታ አታውቀው፣ እኔም አልጨምርበት።

፫

ለቅዳሜው እምቦጭ የመንቀል ዘመቻ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች

አሮጌ ሱሪ ልበስ። ስልክህን ዶርም ተወው። ቁርስህን ብላ።

እምቦጩን ከላይ አትቁረጠው፤ ከሥሩ ይዘህ ንቀለው። በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ እቀፈውና ወደ ዳር አውጣው።

ጫማህን አውልቅ፤ ጭቃው ይወስደዋል።

ውሃው ከወገብ አያልፍም።

አትፍራ።

(ይህን የጻፈችው ረድኤት ናት። ወፎቹ ከመሄዳቸው በፊት።)

፬

ውሃው

ዓርብ ጠዋት ክላስ ትታ ወደ ሐይቁ ተመለሰች። እምቦጩ የውሃውን ፊት ከሸፈነው ዓመት አልፎታል፤ ለምለምነቱ ለማያውቀው ሰው ያምራል። አሁን ግን አንደኛው ጠርዝ በእሳት እንደተለበለበ ሆኖ ጠቁሯል፤ ቅጠሉ ተኮማትሯል። ጎንበስ ብላ አንዱን ቀነጠሰችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ሽታውን አወቀችው።

ረድኤት ያደገችው የአበባ እርሻ ባለበት ከተማ ነው። እናቷ ከግሪንሃውስ ስትመለስ ሻርፗ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ጣፈጥ የሚል፣ ኋላ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። ልብሷን ሳትቀይር ልጇን አታቅፍም ነበር። ዛሬ እናትየው ጋደም ብላ መተኛት አትችልም፤ ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድራለች።

ቅጠሉን ጣለችው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ደግማ ጠረገች።

፭

በጀነሬተሩ ቤት፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ። የተባለው እንደተባለ፦

ረድኤት፦ ሐይቁ ላይ ፀረ አረም ተረጭቷል።

ኢዮስያስ፦ በሩን ዝጊው።

ረድኤት፦ ታውቅ ነበር?

ኢዮስያስ፦ አቶ ደምሰው ናቸው የነገሩኝ። ቅዳሜ ዘመቻውን ለማየት የሚመጡት እንግዶች እያሉ ቶሎ እንዲጸዳ ነው። ሥሩ ከላላ ሲጎትቱት ይመጣል አሉ። እስከ ቅዳሜ ውሃው ያጥበዋል አሉ።

ረድኤት፦ አመንካቸው?

ኢዮስያስ፦ ማመን ፈልጌ ነበር።

ረድኤት፦ ዘመቻውን ሰርዘው።

ኢዮስያስ፦ ቴሌቪዥን ተጠርቷል። ብሰርዘው ሰኞ ክበብ የሚባል ነገር የለም።

ረድኤት፦ ልጆቹስ?

ኢዮስያስ፦ መጀመሪያ እኔ እገባለሁ። እኔ ምንም ካልሆንኩ ይገባሉ።

ረድኤት፦ በአንድ ቀን የሚታይ ነገር አይደለም፣ ኢዮስ። እናቴ ስንት ዓመት አበባ ስትለቅም ደህና ነበረች።

ኢዮስያስ፦

(ከዚህ በኋላ መብራት ጠፋና ጀነሬተሩ ተነሳ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ ምን እንዳለ አልሰማችም።)

፮

«ነገ ማንም ሰው ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ። ኬሚካል ተረጭቶበታል።»

በክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው።

ጠፋ።

ደግማ ለጠፈችው።

ጠፋ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልትለጥፈው ስትል ግሩፑ ራሱ ከስልኳ ላይ የለም። ሰው የማስወጣት ሥልጣን የነበራቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛዋ እሷ ነበረች።

፯

የቀራት እግሯ ነው። አመሻሹ ላይ ወደ ሴቶቹ ብሎክ ሄደች፤ የአንደኛ ዓመቶቹን ክፍል አንድ በአንድ እያንኳኳች ያየችውንና ያሸተተችውን ነገረቻቸው። ገሚሱ በጥሞና ሰማት፤ ገሚሱ ጸጉር መሥራቱን አላቋረጠም። ሰሚራ የምትባል ልጅ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆና መመሪያውን አወጣች።

«አትፍራ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?» አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ረድኤት። «ተሳስቻለሁ።»

ሰሚራ ወረቀቱን አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው።

የወንዶቹ ብሎክ በር ላይ ጥበቃው አላስገባትም፤ ሴት አትገባም፣ ደንብ ነው። ለሚገቡት ለሚወጡት ነገረች። አንዱ፣ ዘመቻው ሰርተፊኬት ስላለው ሰው ለመቀነስ ያወጣሽው ዘዴ ነው ወይ ብሎ ሳቀባትና አለፈ።

የግቢው ግማሽ ሰምቷል። ግማሹ አልሰማም።

፰

ውሃው

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ አልጣለም፤ ጤዛም አልነበረም።

ቅጠሎቹ ግን ርሰዋል።

ባለፈው ቀን ለምለም የነበረው ሁሉ ላይ ነጣ ያለ ጠብታ ተቀምጧል። ማታውን ሌላ ዙር ተረጭቷል ማለት ነው። ረድኤት ይህን ለአቶ ደምሰው ለእንግዶቹ የተተከለው ድንኳን ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። አቶ ደምሰው ፈገግ እንዳሉ፣ ካሜራው ወዳለበት እያዩ፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም» አሏት።

ኢዮስያስ በአጠገቧ አለፈ። ዓይኗን አላየም። ከክበቡ ቲሸርት ሥር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

፱

አሁን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ ዓመቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ዳር ላይ ተሰልፈዋል። ኢዮስያስ ብቻውን ገባ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ወገቡ ላይ ደረሰ። እምቦጩን ከሥሩ ነቀለ፤ መመሪያው እንደሚለው በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው። ቅጠሉ ፊቱን ነካው።

ቆመ።

ጀርባው ወደ እነሱ ነበር። እምቦጩ ከእቅፉ ተንሸራቶ ወደቀ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ይኸው ነው። አንድ እጅ፣ ወደ ላይ።

«እየጠራችሁ ነው እኮ፣ ግቡ!» አሉ አቶ ደምሰው።

«አትግቡ!» ብላ ጮኸች ረድኤት። «ቁሙ እያለ ነው!»

ከወንዶቹ ጥቂቶቹ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተዋል። ያኔ ሰሚራ አጠገቧ ያለችውን ልጅ እጅ ያዘች፤ ያቺም የቀጣይዋን ያዘች፤ የሴቶቹ ረድፍ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ወንዶቹ ዞር ብለው አዩ። አንዱ ወጣ። ሌላውም ወጣ።

ረድኤት ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

፲

ከዚያ የሆነው ቶሎ ያልቃል።

ኢዮስያስን ጎትታ አወጣችው። ዓይኖቹን መክፈት አልቻለም፤ አንገቱና ደረቱ ላይ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ነበር። የእሷም ክንድ ተላጠ። በማግስቱ ቴሌቪዥን ላይ እንግዶቹ ሐይቁ ዳር ችግኝ ሲተክሉ ታዩ፤ ሌላ ነገር አልታየም። የጀነሬተሩ ቤት በአዲስ ቁልፍ ተቆለፈ።

አቶ ደምሰው ለዲሲፕሊን ኮሚቴው እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ ተማሪዎቹን ወደ ውሃው የጠራው የክበቡ ፕሬዝዳንት ነው፤ አደጋ መኖሩን እያወቀ፣ እጁን አንስቶ፣ ሁሉም እያየ።

ኮሚቴው ረድኤትንም ጠራ። ከሁሉም ቀርባ ያየችው እሷ ናት።

፲፩

ቀጠሮው ሳይደርስ ሆስፒታል ሄደች። ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ተሸፍነዋል። ዶክተሩ አንደኛው ይድናል ብሏል፤ ስለ ሁለተኛው አልተናገረም። ኢዮስያስ በኮቴዋ አወቃት። ግሩፑ ውስጥ ስላደረገው ነገር ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ስለዚያ አልመጣሁም አለችው። መስኮቱ ላይ አንዲት ወፍ ስትጮህ ስሟን ነገራት፤ ትክክል ነበር።

ከዚያ ጠየቀችው።

«እጅህን ስታነሳ ምን ልትል ነበር?»

ነገራት። በደንብ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ነገራት። እጁን ይዛ ሰማችው። ያላትን ግን እዚህ አልጻፍኩትም፤ ከእሱና ከእሷ በቀር የሰማው የለም።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ያለፈች ነርስ፣ ደህና ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

፲፪

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ክፍል። ረጅም ጠረጴዛ። በአንደኛው ጫፍ አቶ ደምሰው፣ ብዕራቸውን ይዘው።

ሰብሳቢ፦ ተቀመጪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለን። ተማሪ ኢዮስያስ እጁን ያነሳው፣ ግቡ ለማለት ነው ወይስ አትግቡ ለማለት? ግቡ ለማለት ከሆነ ይባረራል።

ረድኤት፦ ቆሜ ብናገር ይሻለኛል።

ሰብሳቢ፦ እሺ። እንሰማሻለን።

ረድኤት፦