በቀኝ ጎን

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ፍራሽ ሠሪው የሚተኛው በግራ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ከጀርባው ያለውን የአልጋውን ግማሽ ማየት አይወድም። እዚያ እሷ የተኛችበት ስርጉድ አለ፤ ትከሻዋ ያረፈበት፣ ዳሌዋ ያረፈበት። የሰውን ፍራሽ እየተረተረ፣ ጥጡን በደጋን እየነደፈ እንደ አዲስ ሲሞላ የሚውል ሰው የራሱን አልነካም።

"አባዬ፣ ይሄ ፍራሽ እኮ ፈረስ የተንከባለለበት መሰለ!" ትለዋለች ልጁ።

"የባለሙያ ቤት እንዲህ ነው" ብሎ በቀልድ ያልፋታል። እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

ግራ ጎኑን እየወጋው መቀመጫ መቆሚያ ሲያሳጣው ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ በኩላሊቱ ውስጥ ያለውን ድንጋይ በራጁ ላይ አሳየችው።

"ለሰው ሁሉ ጥጥ ስሞላ፣ ለራሴ ድንጋይ ሞላሁ በይኛ!"

ሳቀች። ደረቱን ስታዳምጥ ግን ሳቋ ቆመ።

"ብዙውን ጊዜ ሰውን በደረቱ አስተኝተን፣ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ነው የምንገባው። የእርስዎ ሳንባ ግን የጥጥ ብናኝ ሲጠጣ ኖሯል፤ በደረትዎ ቢተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል። ስለዚህ በቀኝ ጎንዎ ይተኛሉ።"

"በግራዬስ?"

"ድንጋዩ ላይ ተኝተውበት በየት በኩል ላውጣው?"

"በቀኝ መተኛት ትቻለሁ፣ ልጄ።"

"ያምዎታል?"

"አዎ" አላት። አልዋሸም።

በቀጠሮው ቀን ከወገቡ በታች አደነዘዙትና በቀኝ ጎኑ አዞሩት። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አስገቡ፤ ክንዱን ማሳረፊያው ላይ አኖሩለት። ከዚያ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ መሃሉ ላይ ጎበጠ፤ ጎድኑና ዳሌው ተራርቀው ለሐኪሟ እጅ ቦታ ለቀቁ።

"ትራሳችሁ ጥጥ ጎድሎታል" አለ።

"ሲድኑ ይሞሉልናል፣ አባባ" አለችው ነርሷ። "አሁን እንዳይነቃነቁ ብቻ።"

አልተነቃነቀም። ከፊቱ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ የሚስቱ ፊት ይርቀው የነበረውን ያህል ነው የሚርቀው። እንባው የአፍንጫውን ድልድይ ተሻግሮ ትራሱ ላይ ወረደ።

"አመመዎት?"

"የለም። ቀጥሉ።"

ሲጨርሱ ሐኪሟ ልጁ ባለችበት መከረችው። "ድንጋዩን ፈጭተን አውጥተናል። ትንሽ ደቃቅ ግን ከታች ቀርቷል። ቤትም በቀኝ ጎንዎ ይተኙ፤ ግራው ከላይ ሲሆን ደቃቁ ወደ መውጫው ይንሸራተታል።"

ሆስፒታል በቆየባቸው ቀናት ልቡን አጠናከረ። ከእንግዲህ ለሚስቱ ጀርባውን አይሰጥም። እጁን ስርጉዱ ውስጥ አሳርፎ፣ የሆነውን ሁሉ ያወራታል። ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን እንደ ሙሽራ ናፈቀ።

ልጁ በሩን ስትከፍትለት ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አየ።

"አባዬ፣ ና እየው! ሐኪሟ በቀኝ ተኛ ስትልህ፣ በዚያ ጉድጓድ እንዴት ይሆናል ብዬ በገዛ ደጋንህ ነደፍኩት። ልክ እንዳስተማርከኝ!"

ፍራሹ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። ማዕዘኖቹ ሞልተዋል፤ ስፌቱ ዝንፍ አላለም። እሷ የምስጋና ቃል ስትጠብቅ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

"እንዴት ነው?"

"የእኔ ልጅ መሆንሽን ማን ይክዳል" አላት ድምፁ እየተሰበረ። "እጅሽ ይባረክ።"

ደግፋ አስተኛችው፤ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ አደረገችለት። ፊቱን ወደ ሚስቱ ቦታ አዞረ።

"ተመቸህ?"

"ተመቸኝ።"

ልጁ ስትወጣ መዳፉን የሚስቱ ትከሻ የነበረበት ላይ አድርጎ ተጫነ። ጥጡ ጎደጎደ። እጁን ሲያነሳ ወዲያው ተመልሶ ተነፋ፤ በደንብ የተነደፈ ጥጥ እንዲህ ነው። እንደገና ተጫነው።