አልነቃነቅ ያለው ዜሮ ነጥብ ሦስት

1

0.3

0.3

0.3

ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይኸው ነው። አስካለ ከከሰል ድንጋይ ማውጫው ዋሻ አፍ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የጋዝ መለኪያው ስክሪን ላይ አፍጥጣለች። እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትነሳለች። ዋሻው ውስጥ ሰባት ሰዎች እየቆፈሩ ነው።

2

መመሪያ፣ ለማያውቅ አንባቢ፦

ሀ) ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ሌዘር ጨረር ከአንዱ የዋሻ ግድግዳ ወደ ማዶው ይላካል።

ለ) ማዶ የተሰቀለው መስታወት ይመልሰዋል።

ሐ) መንገድ ላይ ሚቴን፣ ማለትም ከከሰሉ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካለ ከጨረሩ የተወሰነውን ይውጣል። የጎደለው ይሰላል፤ በጎደለው ልክ ጋዝ አለ ማለት ነው።

መ) ጋዙ ከአየሩ አንድ በመቶ ከደረሰ ሰው ሁሉ ይወጣል። አምስት ከደረሰ ዋሻውን ለማፈንዳት አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ከዚህ በላይ ካወቅህ ና፣ አንተ ጻፈው።

3

ባለፈው ሳምንት አቧራ መስታወቱን ጋረደውና መሣሪያው ጋዝ ሳይኖር ሁለቴ ጮኸ። ሁለቴም ሰዎቹ ነፍሴ አውጪኝ ብለው ሮጡ።

"አስኩ፣ ዛሬስ በስንት ሰዓት ነው የምታስሮጪን?" እያሉ ተሳለቁባት።

ያልሳቁት ጋሽ ኢተፋ ብቻ ናቸው። የቆፋሪዎቹ አንጋፋ፣ የሟች አባቷም የልብ ወዳጅ ነበሩ። "ልጄ፣ የዋሸው መሣሪያሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" አሏት። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

4

(ይህን ቁራጭ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ኀፍረቱ የእሷ ነው፤ ካልተነገረ ግን ታሪኩ አይቆምም።)

ሰኞ ዕለት አስካለ ለማንም ሳትናገር የመሣሪያውን አሠራር ቀየረች። ጨረሩ ካልተመለሰ መጮሁን ትቶ የመጨረሻውን ቁጥር እንደያዘ እንዲቆይ አደረገችው። ሰው መሳቂያ መሆን ይሰለቸዋላ!

5

0.3

የዋሻ ጋዝ ቁጥር አርፎ አይቀመጥም። ጥቂት ከፍ ይላል፣ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሃያ ደቂቃ።

ሰዎቹን ባስወጣና ባዶ ቢሆንስ? ለሦስተኛ ጊዜ ማን ያምነኛል?

ሃያ አምስት።

ባላስወጣስ?

ሳይረኑን ተጫነችው።

6

የሬዲዮ ንግግር፦

አስካለ፦ ሁላችሁም ውጡ! መሣሪያው አያይም!

ጋሽ ኢተፋ፦ አይዞሽ ልጄ፣ አልተበላሸም። መስታወቱን በጨርቅ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ስንቆፍር አቧራ እንዳይለብስና ደግሞ እንዳይስቁብሽ ብዬ።

አስካለ፦ ወይኔ ጉዴ! ይውጡ ጋሽዬ! ቁጥሩ የቅድሙ ነው፣ እንዲቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ!

ጋሽ ኢተፋ፦ ልጆቹ እየወጡ ነው። ቆይ፣ ልኩን እንድታይ ጨርቁን ላንሳልሽ።

አስካለ፦ ይተዉት! በእናትዎ ይተዉት!

ጋሽ ኢተፋ፦ ይኸው አነሳሁት። ስንት ይላል?

7

ስድስት ሰዎች ደጅ ወጥተው ያለከልካሉ።

ማንም አልሳቀም።

8

4.6

4.8

አስካለ፦ ምንም እንዳይነኩ! ዝም ብለው ይውጡ! ጋሽዬ፣ ይሰማሉ?

ጋሽ ኢተፋ፦